ለእግር አደን የሚሆን ቀላል ጠመንጃ አመራረጥ

ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ሲወርዱት አራት ኪሎ ጠመንጃ ምንም አይመስልም። ከሰዓት በኋላ ያንኑ አቀበት ሲወጡት ግን ማንገቻው ትከሻ ይበላል፣ ጠመንጃው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል፤ ሚዳቋዋ ከቁጥቋጦው ብቅ ስትል ደግሞ ክንድ ይንቀጠቀጣል። ጎጃም ውስጥ አደን የእግር ስራ ነውና ጠመንጃውን የሚመርጠው መንገዱ ነው ማለት ይቻላል።

በየቤቱ የኖረው ቤልጅግና ምንሽር ለዚህ ስራ አልተሰራም። ቤልጅጉ 7.92×57 ጥይት የሚበላ፣ ባዶውን ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ የጦር መሣሪያ ነው። ይገድላል፣ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ሃያ ኪሎ ገደማ ለምትመዝን ሚዳቋ ያን ያህል ጥይት ማባከን ስጋውንም ትከሻውንም ማበላሸት ነው። እዚህ የምናወራው በእጅ ስለሚቀባበል፣ ጥይቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ከነሙሉ ዕቃው ከሦስት ኪሎ ተኩል ስለማይበልጥ ጠመንጃ ነው።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 መሠረት መሣሪያው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አደኑ ደግሞ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የሚገዛ ሌላ ፈቃድ አለው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ጠመንጃ ከመግዛትህ በፊት የትኛውን እንስሳ፣ የት ቦታ፣ በምን ወቅት እንደሚፈቀድልህ ጠይቀህ እወቅ፤ ጥይት የሚመረጠው በእሱ ነውና። እንቅስቃሴ በተገደበበት ወቅት ደግሞ ጠመንጃ አንግቶ ገደል ለገደል መሄድ ከአደን ጋር ማንም አያያይዘውም፤ ያን ጊዜ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ጥይቱ ይቀድማል

ብዙ ሰው ጠመንጃውን ያይና ይወደዋል፣ ከዚያ ጥይት ፍለጋ ይሄዳል። ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ እንስሳውን፣ ቀጥሎ ጥይቱን፣ በመጨረሻ ጠመንጃውን ምረጥ።

ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል ከሁሉ ትንሹ ነው። እርሳሱ 40 ግሬይን ይመዝናል፤ 2.6 ግራም መሆኑ ነው። ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚይዘው ጉልበት ከ140 እስከ 190 ጁል ብቻ ነው። ሌላ አገር የጥንቸል ጠመንጃ ይሉታል፤ እኛ ዘንድ ጥንቸል ስለማይበላ የሚቀረው መሬት ላይ ለቆመ ቆቅና ጅግራ ነው። ለሚበር ወፍ ጠመንጃ አይተኮስም፤ ወፏን ስትስት አረሩ የት እንደሚያርፍ አታውቅም። በ50 ሜትር ያነጣጠርክበትን እንዲመታ ካስተካከልከው እስከ 70 ሜትር ታምነዋለህ፤ በ100 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ሚዳቋ ላይ አትተኩስበት፤ ቆስላ ገደል ገብታ ትሞታለች፣ አንተም አታገኛትም። ሌላው ጣጣው ደግሞ ለስላሳና ዘገምተኛ ስለሆነ ድንጋይ ሲነካ መንጠሩ ነው። ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው፤ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ አረር ነው፣ እረኛ ደግሞ በየጉብታው ጀርባ አለ።

22 ሆርኔት በ45 ግሬይን (2.9 ግራም) አረር በሴኮንድ ወደ 820 ሜትር ይሄዳል፣ ጉልበቱ 980 ጁል ገደማ ነው። ድምፁ ለዘብ ያለ፣ ግፊቱ ትከሻ የማይነካ፣ እስከ 100 ሜትር ለሚዳቋና ለሰሳ የሚበቃ ደስ የሚል ጥይት ነው። ችግሩ መገኘቱ ነው። በዓመት አንድ ፓኮ ለማግኘት የምትለፋበት ጥይት የትኛውንም ያህል ቢያምር ለአንተ አይሆንም።

223 ሬሚንግተን የመካከለኛው መንገድ ነው፤ አንድ ጠመንጃ ብቻ ለሚኖረው ሰው የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ይሁን። 55 ግሬይን (3.6 ግራም) አረሩ በሴኮንድ 990 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ 1,700 ጁል ይይዛል። በ100 ሜትር ካስተካከልከው በ200 ሜትር የሚወርደው ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ12 እስከ 25 ኪሎ ለምትመዝን ሚዳቋ በቂው ነው። ድኩላ ላይ ግን አስብ፤ ወንዱ ከ60 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ከ60 ግሬይን በላይ የሆነ፣ ጠንከር ያለ የአደን አረር ይዘህ፣ ከ100 ሜትር በታች፣ ጎኑን ሰጥቶህ ሲቆም ከፊት እግሩ ኋላ ካላገኘኸው ተወው።

የአረሩ ዓይነት ከጥይቱ ስም እኩል ይቆጠራል። ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተለበጠው የጦር ሜዳ አረር ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ሊያልፍ ይችላል፤ እንስሳው ምንም እንዳልሆነ ሮጦ ሄዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሞታል። ለተባይ እንስሳ የሚሰራው ቀጭን ልባስ ያለው አረር ደግሞ በተቃራኒው ትከሻ አጥንት ላይ ተፈረካክሶ ላይ ላዩን ብቻ ያቆስላል። የሚፈለገው ጫፉ እርሳሱ የሚታይ፣ ሲመታ የሚያብብ፣ ግን ሳይበታተን ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ነው።

7.62×39፣ የክላሹ ጥይት፣ በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃም ይሰራል። 123 ግሬይን፣ 8 ግራም ይመዝናል፤ በሴኮንድ 720 ሜትር፣ 2,000 ጁል ገደማ። ሰብል ለሚያጠፋ ከርከሮ በቅርብ ርቀት ከ223 ይሻላል። ሆኖም በ200 ሜትር ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ስለሚወርድ ከ150 ሜትር በላይ አያዋጣም። ሲገዛ አንድ ጥያቄ አለው፤ አንዳንዱ ፋብሪካ አፈሙዙን ለ7.82 ሚሊ ሜትር አረር ያጠበዋል፣ የተለመደው አረር ግን ወደ 7.9 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በጠባቡ አፈሙዝ ሰፊ አረር መተኮስ ግፊቱን ይጨምራል፣ ኢላማውንም ያበላሻል። ለየትኛው እንደተሰራ ከመመሪያው አረጋግጥ።

243 ዊንቸስተር ትንሽ ከሚባለው ጥይት ጠርዝ ላይ ነው። 100 ግሬይኑ ወደ 2,600 ጁል ይደርሳል፣ ድኩላን ያለጥርጥር ይጥላል። ፈቃድህ ድኩላ የሚል ከሆነ 223ን ከማስጨነቅ እሱን ያዝ፤ በጠመንጃው ላይ ሁለት ሦስት መቶ ግራም እንደሚጨምር ግን ቁጠረው።

አንድ ነገር አትርሳ፤ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውና ቀለሁ ቂጥ ላይ የተጻፈው አንድ መሆን አለበት። ስለገባ ብቻ የራሱ ጥይት ነው አይባልም። 222 በ223 ውስጥ ይገባል፣ ግን ቀለሁ አጭር ስለሆነ ሲተኮስ ሊሰነጠቅና ጋዝ ወደ ፊትህ ሊመልስ ይችላል። 223 ብቻ በሚል አፈሙዝ 5.56 የጦር ጥይት መተኮስም ግፊቱን ከልኩ ሊያሳልፈው ይችላል።

ስንት ኪሎ?

ባዶው ከ2.6 እስከ 2.8 ኪሎ ይሁን። መነጽሩ 350 ግራም፣ ቀለበቶቹ 100፣ ማንገቻው 150፣ አምስት የ223 ጥይት 60 ግራም ገደማ ነው። 2.8 ኪሎ ብሎ የተሸጠልህ ጠመንጃ ትከሻህ ላይ ሲወጣ 3.4 እስከ 3.5 ኪሎ ሆኗል ማለት ነው። ሻጩ የሚነግርህ ባዶውን ስለሆነ ራስህ መዝነው።

ታዲያ ከ2.4 ኪሎ በታች የሆነው ለምን አይሻልም? አቀበት ጨርሰህ ስትቆም ልብህ ይመታል፤ ቀላሉ ጠመንጃ ምቱን ሁሉ ወደ መነጽሩ መስቀል ያስተላልፋል፣ መስቀሉ ሚዳቋዋ ላይ ይደንሳል። ከባዱ ትንፋሽን ይውጣል። ከዚህም ሌላ ጠመንጃ የሚቀለው በአብዛኛው አፈሙዙ ስለሚቀጥን ነው፤ ቀጭን አፈሙዝ በሦስተኛው በአራተኛው ጥይት ግሎ ከመስመር ይወጣል። ለአደን አንድ ጥይት ስለሚበቃ ይህ ራሱ ነውር አይደለም፤ የሚያሳስተው ስታስተካክል ነው።

ከኪሎው ይልቅ ሚዛኑ ይሰማሃል። ባዶውን ጠመንጃ ከካዝናው ፊት ለፊት በአንድ ጣትህ ላይ አስቀምጠው። አፈሙዙ ጥቂት ካዘነበለ ጥሩ ነው። ወደ ሰደፉ ከወደቀ ቆመህ ስታነጣጥር አፈሙዙ እንደ ሸንበቆ ይወዛወዛል።

የአፈሙዙ ርዝመት ከ47 እስከ 52 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በቁጥቋጦ ውስጥ አያስቸግርም። 41 ሳንቲ ሜትር የሆነም አለ፤ 223 በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ በሴኮንድ ወደ 8 ሜትር ፍጥነት ስለሚያጣ ከ56 ሳንቲ ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር 50 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ያ ሚዳቋ አያስመልጥም። የሚያስመርረው ጩኸቱ ነው፤ ከአጭር አፈሙዝ የሚወጣው ፍንዳታ ጆሮ ያደነቁራል።

ሰደፉን ለመለካት ክንድህን በ90 ዲግሪ አጥፈህ የሰደፉን ጫፍ የክንድህ መታጠፊያ ላይ አሳርፍ፤ የሌባ ጣትህ የመጀመሪያ አንጓ ምላጩ ላይ ካረፈ ልክህ ነው። በሸሚዝ ለክተህ አትግዛ። ጮቄ ላይ ጠዋት በጋቢ ወይም በወፍራም ጃኬት ነው የምትሄደው፤ ያ ልብስ ሰደፉን በሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ያስረዝመዋል፣ ጠመንጃውም ብብትህ ስር ይሰነቀራል።

እንጨት ወይስ ፕላስቲክ? እንጨቱ ያምራል፣ ብርድ ላይም እጅ አያቆረፍድም። ጎጃም ግን ክረምቱ ከባድ ነው፤ እንጨት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና አፈሙዙን ከጎን ይገፋዋል፣ በሰኔ ያስተካከልከው በጥቅምት ሌላ ቦታ ይመታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ ነጭ ወረቀት በአፈሙዙና በእንጨቱ መካከል አስገብተህ ወደ ኋላ ጎትት። እስከ ጥይት ቤቱ ድረስ ሳይያዝ ከሄደ ደህና ነው። ከተያዘ ያ ቦታ በአሸዋ ወረቀት ይሞረድ፣ ከዚያ ቅባት ወይም ቫርኒሽ ይጠጣ።

ከሞዴሎቹ መካከል ለትንሽ ጥይት ተብሎ አካሉ ያጠረው ሲ ዜድ 527 ለእግር ስራ የሚመች ነው፤ 2.8 ኪሎ ገደማ፣ በሆርኔት፣ በ222፣ በ223ና በ7.62×39 ይገኛል። ምርቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ስለቆመ የሚገኘው አሮጌው ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ካዝና አብሮ ከሌለው ዋጋው ላይ ተከራከር። ሴፍቲው ከሌሎቹ ይገለበጣል፤ ወደ ፊት ሲገፋ ይዘጋል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ይከፈታል። ሌላ ጠመንጃ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ስህተት ይሰራል። ምላጩም ወደ ፊት ሲገፋ በጣም የሚቀል ዓይነት ነው፤ ተደግፈህ ስትተኩስ እንጂ እየሄድክ አታቅልለው። ሆዋ ሚኒም እንዲሁ አጭር አካል አለው። ቲካ ቲ3 ኤክስ ላይት አካሉ ለረጃጅም ጥይትም የሚያገለግል ስለሆነ ለ223 ትንሽ ይረዝማል፣ ግን መቀባበያው ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ነው። ሩገር አሜሪካን ራንች ርካሹና አጭሩ ነው፤ መልኩን አትይ፣ ይመታል።

አሮጌ ጠመንጃ ሲታይ

ከሁሉ በፊት ካዝናውን አውጣ፣ መቀባበያውን ክፈት፣ ጥይት ቤቱን በዓይንህም በትንሽ ጣትህም አረጋግጥ። ባዶ ነው የሚል የሻጭ ቃል አይበቃም።

መቀባበያውን ሙሉ በሙሉ አውጣና በነበረበት ቦታ ነጭ ወረቀት ይዘህ ብርሃን አስገባ፤ ከአፈሙዙ ጫፍ በኩል ተመልከት። ጥምዝ መስመሮቹ ጠርዛቸው ስል ሆኖ እስከ ጫፍ መታየት አለበት። ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት የመሰለ ጥላ ካየህ አፈሙዙ አንድ ጊዜ ተደፍኖ ተተኩሶበት አብጧል፤ ከውጭ በጣትህ ስትዳብሰው ጉብ ያለ ቦታ ሊሰማህ ይችላል። ያንን በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ። ከጥይት ቤቱ ፊት ያለው የአፈሙዙ መነሻ በዝገት ከተቦረቦረም ተወው። መሃል ላይ ያለ ጥቂት ነጠብጣብ ግን ብዙ አይጎዳም። የአፈሙዙን ጫፍ ዙሪያ በጥፍርህ ዳብስ፤ አረሩ በመጨረሻ የሚለቀው እሱን ስለሆነ ትንሽ ጭረት እንኳ አረሩን ወደ አንድ ጎን ትገፋዋለች። ይህኛው ባለሙያ በመቁረጫ አስተካክሎ የሚያድነው ብልሽት ነው።

በመቀባበያው ላይ ያለው ቁጥር ከአካሉ ቁጥር ጋር ይመሳሰል። ከተለያየ መቀባበያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው፤ በመዝጊያውና በቀለሁ ቂጥ መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ ሳይለካ አይተኮስበትም። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ተበጥሶ ጋዙ ወደ ተኳሹ ይመለሳል።

አሁን ሴፍቲውን ፈትን፣ ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ላይ ነው። ባዶውን አቀባብል፣ ሴፍቲውን ዝጋ፣ ምላጩን ጠበቅ አድርገህ ሳብና ልቀቅ። ከዚያ ምላጩን ሳትነካ ሴፍቲውን ክፈት። ቀጭ ካለ ያ ጠመንጃ ሰው ይገድላል። አይገዛም፣ ከተገዛም ሳይጠገን አይጎረስም። ካለፈ ደግሞ አቀባብለህ ሴፍቲውን ከፍተህ ሰደፉን ወፍራም ምንጣፍ ላይ ደጋግመህ ጠረቅ አድርገው፣ መቀባበያውንም በኃይል ምታው። በራሱ ከወረደ ምላጩ ከልክ በላይ ተሞርዷል። ለእግር አደን ምላጩ ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ክብደት ሲስብ ይውረድ፤ ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ጣት አይታመንም።

ከአንገቱ፣ ማለትም ከምላጩ ኋላ እንጨቱ የሚቀጥንበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ፈልግ። በዘይት የተሸፈነ ስንጥቅ ጎንበስ ሲያደርጉት ጠብታ ያወጣል። በመጨረሻም ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት አምስት አጉርሰህ ቶሎ ቶሎ አቀባብል። አንዷ አፍንጫዋን አካሉ ላይ ደግፋ ከቆመች ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የታጠፈ የካዝና ከንፈር ነው። ቀለህ አውጪው ካልያዘ ግን ጥርሱ አልቋል ወይም ቆሻሻ ስሩ ገብቷል፤ ቆሻሻውን አጽድተህ ድገም።

የጥምዙ ነገር

አረሩን የሚያሽከረክረው ጥምዝ በስንት ሳንቲ ሜትር አንድ ዙር እንደሚሞላ ካላወቅህ የተሳሳተ ጥይት ትገዛለህ። ለ223 በ30 ሳንቲ ሜትር (12 ኢንች) የሚዞረው እስከ 55 ግሬይን ድረስ ይስማማዋል፤ በ23 (9 ኢንች) የሚዞረው እስከ 70 ገደማ፤ በ20 (8 ኢንች) የሚዞረው እስከ 77። ረጅም አረር በዘገየ ጥምዝ ከተኮስክ ወረቀቱን በጎኑ ቀዶ ያልፋል፤ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል።

አፈሙዙ ላይ ካልተጻፈ ለካው። በሚሽከረከር እጀታ ላይ ባለ መወልወያ ዘንግ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አስገባ፤ ከአፈሙዙ ጫፍ ጋር በተስተካከለው ቦታ ላይ በዘንጉ አናት በኩል ምልክት አድርግ። ምልክቱ አንድ ዙር ሞልቶ ወደ ላይ እስኪመለስ ቀስ ብለህ ግፋ፤ ዘንጉ የተጓዘውን ለካ። ሦስት ጊዜ ደጋግመህ መካከለኛውን ያዝ።

ማስተካከልና መንገድ

የአካሉን ብሎኖች አጥብቅ፤ ኢላማ የጠፋበት ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ብሎኑ የላላ ነው። ጀርባው አፈር በሆነ ቦታ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፈህ፣ በ25 ሜትር ጀምረህ ወደ 100 ሂድ። ሦስት ተኩስ፣ አፈሙዙ በእጅ እስኪጨበጥ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ እንደገና ሦስት። ሦስቱ በአምስት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከገቡ ለአደን በቂ ነው፤ ከዚያ በታች ለማጥበብ ጥይት አትጨርስ። በጋለ አፈሙዝ ያስተካከልከው የመጀመሪያውን፣ ማለትም የአደኑን ጥይት ይስታል።

ገደል አፋፍ ቆመህ ወደ ታች ስትተኩስ አረሩ ከጠበቅኸው በላይ ይመታል። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 150 ሜትር የሚመስለው ርቀት ለአረሩ 130 ሜትር ነው፤ ሽቅብም ቢሆን ያው ነው። በ223 ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ በ7.62×39 ግን ይታያል።

ስትሄድ ጥይቱ ካዝና ውስጥ፣ ጥይት ቤቱ ባዶ ይሁን። በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ በአንድ ሴኮንድ ይጎርሳል፤ ድንጋይ የተንሸራተተበት ሰው ግን ያቺን ሴኮንድ አያገኝም። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ቀጭን ፕላስተር ለጥፍበት፤ ጭቃና ዝናብ ይከለክላል፣ ሲተኮስም አረሩ ከመድረሱ በፊት ነፋሱ ይቀደዋል። ወድቀህ አፈሙዙ መሬት ከነካ ጥይቱን አውጣ፣ መቀባበያውን አውጣና አሻግረህ ብርሃን እይ።

ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት ከወረድህ፣ ወይም ዝናብ ከመታህ፣ ማታ ጠመንጃውን ከነላቡ ማኅደሩ ውስጥ አትክተተው። አቁመው፣ ሲደርቅ ወልውለህ ስስ ዘይት ቀባው። አሮጌ የጦር ጥይት ተኩሰህበት ከሆነ ዘይት ብቻውን አያድነውም፤ የጥይቱ መለኮሻ ውስጥ ያለው ጨው አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ እርጥበት ይስባል፣ በማግስቱ ዝገት ታያለህ። የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ከጥይት ቤቱ በኩል አፍስስበት፣ በደረቅ ጨርቅ ሦስት አራት ጊዜ አድርቀው፣ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።